ጠዋት የምትነሳ፣ ማታ የምታኮርፍ ኮሮላ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦

«የምኖረው ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። መኪናዬ 2003 ሞዴል ኮሮላ ነች፣ ማንዋል። ጠዋት አንድም ቀን አስቸግራኝ አታውቅም። ማታ ግን የሐረጎን ዳገት ወጥቼ፣ ደሴ ገብቼ፣ ዳቦ ልገዛ አጥፍቻት ስመለስ አንዳንድ ቀን አልነሳም ትላለች። ቁልፉን ሳዞር አንዴ ጠቅ ትልና ዝም። የፊት መብራቱ ግን ቦግ እንዳለ ነው። ደጋግሜ ስሞክር የምትነሳበት ጊዜ አለ፤ እምቢ ካለች እስክትቀዘቅዝ እጠብቃታለሁ። ባትሪ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ዲናሞ ቀይር ተብያለሁ። ጋራዥ ስወስዳት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። እስኪ ምን ትመክረኛለህ? እስካሁን ቁልቁለት ላይ እያቆምኩ ነው የምኖረው።»

አብሽሩ። የምርመራውን ግማሽ እኮ ራስዎ ጨርሰውታል። መቼ እንደምትነሳ፣ መቼ እንደማትነሳ፣ ምን ድምፅ እንደምታሰማ፣ መብራቱ ምን እንደሚሆን ነግረውኛል። ብዙ ሰው «አልነሳም አለች» ብሎ ብቻ ነው የሚመጣው።

ዲናሞውን ለጊዜው ይተዉት። የዲናሞ ሥራ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባትሪውን መሙላት ነው። ደክሞ ቢሆን ኖሮ ባትሪው አይሞላም፤ ያልሞላ ባትሪ ደግሞ የሚጋለጠው በደሴ ጠዋት ነው። ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይትም ስለሚወፍር ሞተሩ ለመዞር ይከብዳል። ከጦሳ ተራራ ሥር በብርድ ያደረች መኪና ጠዋት በአንድ ቁልፍ ከተነሳች፣ ጥፋቱን ባትሪና ዲናሞ ላይ ማላከክ ይከብዳል። አሮጌውን ባትሪ ካልሸጡት ያስለኩት፤ ደህና ሆኖ ቢገኝ አይገርመኝም።

በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ማረጋገጥ ከፈለጉ ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። መኪናዋ ጠፍታ ካደረች በኋላ ባትሪው ወደ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው የቀረው። ሞተሪኖው፣ ማለትም ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ዕቃ፣ ሲያዞር ይወርዳል፣ ግን ከ10 ቮልት ብዙም ዝቅ ማለት የለበትም። ሞተሩ ተነስቶ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት፤ ይህን ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። ከደቂቃዎች ያለፈ ሥራ አይደለም። ሳይለካ «ቀይር» ያለዎትን ሰው፣ በምን እንዳወቀ ይጠይቁት።

አሁን ወደ ድምፁና ወደ መብራቱ እንምጣ። ለኔ ትልቁ ፍንጭ እዚያ ነው ያለው። ቁልፍ ሲዞር የፊት መብራቱ ፍዝዝ ብሎ ሊጠፋ ከደረሰ፣ ወይ ባትሪው ወርዷል ወይ የባትሪው ተርሚናል ላልቷል ወይም ዝጓል። ጠቅጠቅጠቅ እያለ በፍጥነት የሚደጋገም ድምፅም የዚሁ ዘመድ ነው። መብራቱ ሳይደበዝዝ አንዴ ብቻ ጠቅ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሞተሪኖ ሲያዞር ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ስቦ ቢሆን መብራቱ ትንሽም ቢሆን ይደበዝዝ ነበር። አልደበዘዘም ማለት ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ተቋርጧል ማለት ነው። የርስዎ መኪና ምልክት ይሄኛው ነው።

የት ነው የተቋረጠው? ሞተሪኖው ላይ ሁለት ሽቦ ይመጣል። አንዱ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣው ወፍራሙ ነው። ሌላው ቀጭን ነው፤ ቁልፍ ሲያዞሩ «ተነስ» የሚለውን ትእዛዝ የሚያመጣው እሱ ነው። ትእዛዙ ሲደርስ ሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራ ማብሪያ) የመዳብ ሳህን የያዘ ብረት ይስብና ሳህኑ ሁለት የመዳብ ኮንታክቶችን ያገናኛል። ያኔ ወፍራሙ ሽቦ ያመጣው ኃይል ወደ ሞተሪኖው ይገባል። ጠቅ የሚለው ሳህኑ ሲመታ ነው። ኮንታክቶቹ ተበልተው ከሆነ፣ ድምፁ ይሰማል፣ ኃይሉ አያልፍም።

እንደዚህ ዓይነት ሞተሪኖ ስፈታ የማየውን ልንገርዎት። የኋላው ክዳን ሲነሳ ሁለቱ ኮንታክቶች ፊት ለፊት ይታያሉ። አዲስ ሲሆኑ ፊታቸው ሜዳ ነው። ያረጀው ላይ ግን ጠርዙ ተበልቶ ጎድጉዷል፣ ዙሪያው ጠቁሯል። ብዙ ጊዜ ከባትሪ በኩል ያለው ነው ይበልጥ የሚጎዳው። ሳህኑም ላይ የእሳት ጠባሳ አለ። ሳህኑ በተመታ ቁጥር ትንሽ ይዞራል፤ ጤነኛ ጎኑ ኮንታክቱ ላይ ሲያርፍ መኪናዋ ትነሳለች፣ የተበላው ጎን ሲያርፍ ጠቅ ብላ ዝም ትላለች። ደጋግመው ሲሞክሩ የምትነሳው ለዚህ ይመስለኛል።

«ታዲያ ለምን ማታ ብቻ?» ቢሉኝ፣ ሐረጎን ይጠይቁት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽቅቡ ግን ከ600 ሜትር በላይ ነው። በከባድ ማርሽ እየጎተተች ወጥታ፣ ከተማ ገብታ ወዲያው ስትጠፋ፣ ነፋሱም የውሃው ዝውውርም አብሮ ይቆማል። ኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ጭራሽ ይጨምራል። ዳቦ የሚገዙት በዚያች ሰዓት ነው። መዳብ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ኤሌክትሪክን የመቋቋም ባሕርዩ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሙቀቱ በ60 ዲግሪ የጨመረ የሶሌኖይድ ጥቅል የሚስበው ኤሌክትሪክ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ ጨብጦ የሚይዘውን ሳህን፣ ሲግል በደንብ አይጫነውም። ስትቀዘቅዝ ትመለሳለች።

ግምቴ ይሄ ነው። ግን በኔም ግምት ዕቃ እንዳይቀይሩ። መጀመሪያ ማስረጃ እንያዝ። ጋራዥ ስትደርስ ደህና የምትሆን መኪና የምትያዘው ባመጸችበት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ መያዣውን አብረዋት ይዘው ይዙሩ።

ዘዴው እንዲህ ነው። ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄደው የባትሪውን ኔጋቲቭ ያስፈቱ። ይሄ ግዴታ ነው፤ ወፍራሙ ሽቦ ቁልፍ ባይኖርም ሁልጊዜ ኃይል አለው፣ መፍቻ ከቦዲ ጋር ካገናኘው እሳት ነው። ከዚያ ሞተሪኖው ላይ ያለው ቀጭኑ ሽቦ ላይ ሌላ ሽቦ በፊውዝ ያስቀጥሉ፣ ከትኩሱ የጭስ ማውጫ አርቀው ወደ ውስጥ ያሳልፉት። ጫፉ ላይ የ5 ዋት የ12 ቮልት አምፖል፣ የታርጋ መብራቷን ዓይነት፣ ይግጠሙና ሌላኛውን እግር ከቦዲው ብረት ጋር ያገናኙት። አምፖሏ ዳሽቦርዱ ሥር ትንጠልጠል። ቁልፍ ለማስነሳት ባዞሩ ቁጥር ትበራለች።

ከዚያ እንደወትሮው ይንዱ። ያመጸች ቀን አምፖሏን ይዩ። ደምቃ ከበራችና ሞተሪኖው ካልዞረ፣ ትእዛዙ ደርሷል፣ ጥፋቱ ሞተሪኖው ወይም ወፍራሙ ሽቦ ጋ ነው። ከፈዘዘች ወይም ጨርሶ ካልበራች ሞተሪኖው ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ከሱ በፊት፣ ከቁልፉ ስዊች፣ ከሪሌው (የቁልፉን ትእዛዝ ወደ ሞተሪኖው ከሚያስተላልፈው ትንሽ ማብሪያ) ወይም ከፍሪሲዮን ፔዳሉ ስዊች አካባቢ ነው። የሚሰሙት «ጠቅ» የሪሌ ድምፅ ሊሆን ስለሚችል ጆሮዎን ብቻ አይመኑ። የሪሌው ቀጭን ነው፣ የሞተሪኖው ደግሞ ከበድ ያለ።

አምፖሏ ከበራች ወፍራሞቹን ሽቦዎች ሳይዘነጉ ያስፈትሹ። ቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ሰው ቁልፍ ያዙር። ሞተሪኖው እያዞረ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ፣ ከሞተሩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው ሽቦ ወይም ብሎኑ ዝጓል። በፖዘቲቩም በኩል፣ ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው፣ ልክ እንደዚሁ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የኔጋቲቩ ነው፤ ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ ማጥበቅ ብቻ የሚፈታው ችግር አለ።

ሽቦዎቹ ደህና ከሆኑ ሞተሪኖው ይፈታ። «ሙሉውን ቀይር» ቢሉዎት አይቸኩሉ። ኮንታክቶቹና ሳህኑ ለብቻቸው ይገኛሉ፣ ዋጋቸውም ከሙሉ ሞተሪኖ ጋር አይወዳደርም። ሲቀየሩ ግን ሁለቱም ኮንታክቶች ከሳህኑ ጋር አብረው ይቀየሩ። አንዱን ብቻ ከቀየሩ ሳህኑ ተንጋዶ ይመታና አዲሱንም ይበላዋል። እግረ መንገድዎን ካርቦኖቹን፣ ማለትም ወደሚሽከረከረው የሞተሪኖው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱትን፣ ያሳዩ። አጥረው ከሆነ እነሱም ይህንኑ ጸባይ ያመጣሉ። የተበላ ኮንታክት በሞረድ ማለስለስ ለመንገድ ያደርሳል እንጂ ጥገና ብዬ አልቆጥረውም። ከየትኛው መኪና እንደተፈታ የማይታወቅ ያገለገለ ሞተሪኖ ከመግዛትም፣ የራስዎን ኦርጅናል ማደስ ይሻላል።

እስከዚያው መንገድ ላይ ብትቆም፣ የሚያግዝዎት ሰው ቁልፍ እያዞረ ሞተሪኖውን በእንጨት ቀስ አድርገው መታ ቢያደርጉት ሊነሳ ይችላል። የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሽ ዜሮ ላይ ሆኖ። መዶሻ ግን አይሞክሩ፤ ውስጡን ይሰብራሉ። መታ ሲደረግ መነሳቷም ራሱ ማስረጃ ስለሆነ ለባለሙያው ይንገሩት።

ስለ ቁልቁለቱ፦ ደሴ ላይ ቁልቁለት አይጠፋም፣ ማንዋል ስለሆነችም ተገፍታ ትነሳለች፣ ገብቶኛል። ግን ሞተሩ ጠፍቶ ስትንሸራተት የፍሬኑ አጋዥ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቅበታል፣ መሪውም ይከብዳል። ቁልፉን ጨርሰው ካወጡት ደግሞ መሪው ይቆለፋል። ሜዳ ላይ ሰው ቢገፋልዎት ይሻላል። ሐረጎ ላይ ግን በፍጹም።

ጽሑፉን የሚያነብ ሌላ ሰው መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ፣ መጀመሪያ ማርሹን ከፒ ወደ ኤን አውጥቶ ይሞክር። በኤን ከተነሳ የማርሹ ስዊች ነው። ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ የማይነሳ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ አይመለከተውም፤ እሱ ብዙ ጊዜ የነዳጅ ፖምፓ ወይም የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ዕቃ) ጉዳይ ነው፣ ሴንሰሩም በሙቀት አስቸግሮ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ዕቃ ነው። በካርቡራተር የሚሠራ አሮጌ መኪና ከሆነ ደግሞ፣ ሽቅብ ወጥቶ ሲቆም ቤንዚኑ መስመር ላይ ተንኖ ሊሆን ይችላል፤ ኮፈኑን ከፍቶ ማቀዝቀዝ ነው።

የርስዎ አምፖል ደብዝዛ ወይም ጠፍታ ከተገኘች መልሰው ይጻፉልኝ። ያኔ ፔዳሉን ረግጠው እንደነበር፣ የቁልፉ ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም ይል እንደነበር፣ ቁልፉን ወዘወዝ ሲያደርጉት ለውጥ መኖሩን አብረው ቢነግሩኝ ከስዊቹ እንጀምራለን።