ሃይብሪድ መኪና በሕግ ፊት ኤሌክትሪክ ነው? የከፈልኩት ቀብድስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ነው። ኅዳር 2017 ላይ ከአንድ አስመጪ ጋር ቶዮታ ኮሮላ ክሮስ ሃይብሪድ ከዱባይ አምጥቶ፣ ቀረጡን ጨርሶ አዲስ አበባ ላይ ሊያስረክበኝ ተዋውለን 800,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ። ስንዋዋል «ሃይብሪድ ኤሌክትሪክ ነው፤ ደግሞም የነዳጅ መኪና ዕገዳው ሐምሌ ላይ ተነስቷል» አለኝ። መኪናው ጅቡቲ ከደረሰ ወራት ሆኑት። አሁን «መንግሥት ከለከለ፣ ከአቅም በላይ ነው» ይላል። ምርጫ የሰጠኝ ሁለት ነው፦ ወይ 300,000 ብር ጨምሬ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳዩን የሚያስፈጽመው ሰው) ወረቀቱን ወደ ኤሌክትሪክ «እንዲያስተካክል»፣ ወይ ቀብዴን እንድለቅ። ምን ይሻለኛል? ነዳጅ ስላማረረኝ አሁን የምነዳትን ቪትዝ ወደ ጋዝ ማስቀየር ይፈቀድልኝ እንደሆነም ይንገሩኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት 300,000 ብሩን እንዳይከፍሉ። ለዛሬ ከዚህ መልስ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህንኑ ይያዙ።

የላኩልኝን የውሉንና የኢንቮይሱን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ውሉ ላይ «አንድ ኤሌክትሪክ/ሃይብሪድ አውቶሞቢል» ተብሎ ተጽፏል። ኢንቮይሱ ላይ ግን የሞተሩ መጠን 1,798 ሲሲ፣ የኤችኤስ ኮዱም (የጉምሩክ የዕቃ መለያ ቁጥሩ) 8703.40 ነው። ነገሩን የሚጨርሰው ይህ ቁጥር ነው። ጉምሩክ መኪናን የሚለየው ሻጭ በሚጠራው ስም አይደለም፤ በዓለም አቀፉ የታሪፍ አመዳደብ ነው። በዚያ አመዳደብ በኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ የሚሄድ መኪና 8703.80 ላይ ይቀመጣል። ቤንዚን ሞተርና ኤሌክትሪክ ሞተር ያለው፣ በሶኬት የማይሞላው 8703.40 ነው፤ በሶኬት የሚሞላው ደግሞ 8703.60። የእርስዎ መኪና የሚሰካበት ቦታ እንኳ የለውም። ባትሪውን የሚሞላው ራሱ ቤንዚን ሞተሩና ፍሬኑ ነው። ስለዚህ ለመንግሥት ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ነው፣ ቤንዚን ቆጣቢ ቢሆንም።

ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን በይፋ ተናገሩ። ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር የሰጠው የታክስ ማበረታቻም (ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ ቀረጥ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣ 5 በመቶ፣ ተበታትኖ ለሚመጣ ዜሮ) የተሰጠው ለኤሌክትሪክ መኪና ነው።

«ሐምሌ ላይ ተነስቷል» የተባለውስ? ሰው በጣም የሚሳሳትበት ቦታ ይህ ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ጥቅምት 2015 ላይ መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከልክሎ ነበር፤ የነዳጅ አውቶሞቢልም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ያ ክልከላ ተነሣ። የተነሣው ግን ባንክ ዶላር እንዳይሰጥ የሚከለክለው ነው። መኪናው ድንበር እንዳያልፍ የሚከለክለው ሌላ ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱም ሌላ፣ ባለቤቱም ሌላ መሥሪያ ቤት። ዶላር ማግኘትና ዕቃ ማስገባት ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። ሻጩ አንዱን ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ነገረዎት። በየዋህነት ይሁን በማወቅ እኔ አልፈርድም፤ አስመጪነት ሥራው የሆነ ሰው ግን ይህን አላውቅም ቢል ፍርድ ቤት በቀላሉ አይቀበለውም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሻጩ «ከአቅም በላይ» የሚለው ክርክር በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቦታ አለው። ቁጥር 1793 ውሉ እንዳይፈጸም የሚያደርግ የመንግሥት ክልከላን በምሳሌነት ይጠቅሳል። ነገር ግን ቁጥር 1792 እንደሚለው ከአቅም በላይ የሚባለው ተዋዋዩ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው ነገር ነው። ክልከላው ጥር 2016 ተነገረ፤ እናንተ የተዋዋላችሁት ኅዳር 2017፣ አሥር ወር ቆይቶ ነው። ቀድሞ የነበረን ክልከላ «ድንገት መጣብኝ» ማለት አይቻልም። ቢቻልለት እንኳ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ባለዕዳውን (እዚህ ሻጩን) ከኪሣራ ያድነዋል እንጂ ያላስረከበውን ዕቃ ዋጋ ይዞ እንዲቀር መብት አይሰጠውም።

ቀብድም እንደዚሁ ነው። አዎ፣ ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን እንደሚለቅ ይናገራል። ይህ ግን በገዛ ፈቃዱ ለሚያፈርስ ሰው ነው። እርስዎ መኪናውን አልፈልግም አላሉም፤ አስረክበኝ ነው ያሉት። ሊያስረክብ ያልቻለው እሱ ነው። የዚሁ ቁጥር ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካፈረሰ እጥፉን እንደሚመልስ ይደነግጋል፤ ሻጮች ይህን ክፍል ሲያነቡ ሰምቼ አላውቅም። በእርስዎ ጉዳይ ግን እጥፍ መጠየቅን ዋና ክርክር እንዲያደርጉት አልመክርም። ጠንካራው መንገድ የውሉ ጉዳይ (የተዋዋላችሁበት ነገር) ውሉ ገና ሲፈረም የማይቻልና ሕግ የማይፈቅደው ነበር የሚለው ነው (ቁጥር 1715 እና 1716)። እንዲህ ያለ ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በቁጥር 1815 መሠረት ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ 800,000 ብሩ ወደ እርስዎ ማለት ነው። በቁጥር 1751 የተመለከተውን በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድም ጨምረው ይጠይቁ።

«ኤሌክትሪክ ነው» ብሎ ማዋዋሉን በማታለል (ቁጥር 1704) ማቅረብም ይቻላል። ይህን ግን በአማራጭ ያቅርቡት። ሕጉ የሚፈልገው ተራ ውሸት ሳይሆን የማታለል ተግባር ነው፤ የማስረዳት ሸክሙም የእርስዎ ይሆናል። «ኤሌክትሪክ» የሚለው ቃል ውሉ ላይ በጽሑፍ መግባቱ፣ በቴሌግራምም የላከልዎት የድምፅ መልእክት ይረዳዎታል። አንዱንም እንዳያጠፉ።

አሁን ስለዚያ «ማስተካከል»። 8703.40ን 8703.80 አድርጎ ዲክላራሲዮን መሙላት ለጉምሩክ ሐሰተኛ መግለጫ ማቅረብ ነው፤ ወንጀል ነው። ፈታሹ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ የቤንዚን ሞተር ሲያይ መኪናው ይያዛል። መኪናው ከሚሊዮን ብሮችዎ ጋር ሲሄድ እርስዎ ደግሞ አውቀው የከፈሉ ይሆናሉ። ዛሬ ንጹሕ ተበዳይ ነዎት፤ ያንን ብር ከከፈሉ በኋላ በዚህ ቦታ ፍርድ ቤት መቅረብ አይችሉም። በዚህ መንገድ ገንዘባቸውንም መብታቸውንም ያጡ ሰዎች ቢሮዬ መጥተው አልቅሰዋል፤ እርስዎ ከእነሱ እንዳይቆጠሩ እለምናለሁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለሻጩ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። የውሉን ቀን፣ የከፈሉትን መጠንና የባንክ ማስተላለፊያውን ጠቅሰው በ15 ቀን ውስጥ ገንዘቡን እንዲመልስ ይጠይቁ፤ ቅጂውን አስፈርመው ያስቀሩ። ካልመለሰ የክሱ መጠን ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚበቃ ነው። ገንዘቡን እንዳያሸሽ ከሰጉ ከክሱ ጋር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 151 መሠረት የሻጩ ንብረት ከፍርድ በፊት እንዲከበር (ተይዞ እንዲቆይ) ያመልክቱ። «በኤሌክትሪክ መኪና ልተካልዎት» ቢልዎት መጥፎ አይደለም፤ ግን አዲስ ውል፣ ኮዱ 8703.80 ተብሎ የተጻፈበት፣ የቻሲ ቁጥሩ የተሞላበት ይሁን።

ሻጩ ጉምሩክ የከለከለኝ ያለ ሕግ ነው ካለ ክርክሩን ከመንግሥት ጋር ያድርግ እንጂ በእርስዎ ኪስ አያድርገው። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ ሁሉ ተመዝግቦ እንዲታተም ያዛል፤ ውሳኔም በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ይጠይቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን የመሰለ የሰው ሀብት የሚነካ ፖሊሲ ሕዝቡ በመግለጫ ብቻ ሰምቶ እንዲዋዋል መተው ያሳዝነኛል። ሰው የሚያነበው ጽሑፍ በእጁ ቢኖር ኖሮ እርስዎ ኅዳር ላይ ያን ውል ባልፈረሙ ነበር።

ስለ ቪትዝዎ፦ ወደ ጋዝ ማስቀየር መኪናውን ራሱን መለወጥ ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ ተመርምሮ የሚመዘገበው ባለበት ሁኔታ ነው፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈውና መኪናው ካልተጣጣሙ ዓመታዊ ምርመራው ላይ ቦሎ ይከለከላሉ፤ አደጋ ቢደርስም ኢንሹራንሱ ይከራከርብዎታል። ስለዚህ አንድ ጋራዥ ገብተው ሲሊንደር ከማስገጠምዎ በፊት መኪናው ወደ ተመዘገበበት ቢሮ ሄደው ለውጡ እንደሚፈቀድና ሊብሬው ላይ እንደሚሰፍር በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱ እስኪሰጥዎት ድረስ ቪትዝዋን እንዳለች ይንዷት።