ሞተራችሁን ፊት ከማልበሳችሁ በፊት

ሰላም ናችሁ ልጆች። እኔ ደሴ ውስጥ ሞተር ስፈታና ስገጥም ፀጉሬ የሸበተ መካኒክ ነኝ። ሰሞኑን ጋራዥ የምትመጡ ወጣቶች ጥያቄያችሁ አንድ ዓይነት ሆኗል። "ጋሼ፣ ለዚች ሞተር ፊት እንሥራላት።" ፊት የሚሉት ከሞተር ሳይክሉ ፊት ለፊት የሚገጠመውን የንፋስ መከላከያ ሽፋን ነው። ስልካችሁን አውጥታችሁ አፍንጫው የሾለ፣ ከላይ እስከ ታች የተሸፈነ የውድድር ሞተር ታሳዩኛላችሁ። በር ላይ የቆመችው ግን ቦክሰር የምትባለው ተራ ሞተር ናት። ቢበዛ አፓቼ። ሀሳቡ መጥፎ አይደለም። በደንብ ከተሠራ ጠቃሚ ነገር ነው። ለእያንዳንዳችሁ እየደጋገምኩ ከማወራ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ሁልጊዜ መጀመሪያ የምጠይቀው "ለምን ፈለግከው?" ብዬ ነው። "እንዲያምር" የሚለኝን ልጅ አከብረዋለሁ። ቢያንስ እውነቱን ነግሮኛል። የሚያስቸግረኝ "ፍጥነት ይጨምርልኛል" የሚለው ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን ንፋሱ የሚገፋችሁ ጉልበት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሮጥ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሞቶ ጉዚ የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ በ1950 እ.ኤ.አ. የራሱን የንፋስ መሞከሪያ ዋሻ የሠራውም ለዚሁ ነው። እኛ ግን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያመጣውን የሀረጎን ዳገት የምንወጣው በ30 ወይም በ40 ነው። እዚያ ላይ የያዛችሁ ንፋስ አይደለም፤ ዳገቱ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣላችሁ። ከኋላ ሰው፣ ከሰውየው ኋላ ደግሞ ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ። በዚህ ላይ የምትጨምሩት ሽፋን ክብደት እንጂ ፍጥነት አይሆንላችሁም።

ሌላም ነገር አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ሳስቷል። የሳሳ አየር የሚገፋችሁን ንፋስ ያቀልላችኋል፣ ሞተሩን ግን ያደክመዋል። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅል ካርቡራተር ያለው ሞተር ደግሞ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ቆላ ላይ ደህና ስትሮጥ የነበረች ሞተር ደሴ ስትደርስ የምትንቀረፈፈው ለዚህ ነው። ካንዴላውን ፈታችሁ እዩት። ጥላሸት ለብሶ ካገኛችሁት መፍትሔው ካርቡራተሩ ጋ ነው ያለው።

ታዲያ የንፋስ መከላከያ ለምን ይጠቅማል? ለብርድ። በቃ ለብርድ። ለወሎ ደጋ ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም።

በጠዋት ቦሩ ሜዳን አቋርጦ ኩታበር የሚሄድ የግብርና ባለሙያ ያውቀዋል። ጉጉፍቱ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ በሐምሌ ያለፈ ሰው ደግሞ እኔ ባልነግረውም ያውቀዋል። አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ በ60 ስትነዱ ገላችሁ የሚሰማው 5 ዲግሪ ያህል ነው። አየሩ ራሱ 5 ከሆነ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጃኬታቸው ውስጥ ካርቶን ከትተው የሚነዱ ልጆች አይቻለሁ። ብልሆች ናቸው። ደረት ሲቀዘቅዝ ሰውነት ደሙን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፣ ጣት ይደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት ፍሬኑን ይይዛል እንጂ ምን ያህል እንደያዘ አያውቅም። ቁልቁለት ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ስለዚህ ከእኔ ጋር የምትስማሙ ከሆነ፣ የምትፈልጉት ነገር ያ ስልካችሁ ላይ ያለው አይደለም። ደረትን የሚከልል ትንሽ፣ ቀላል የላይኛው ሽፋን ነው። ሆዷን አትሸፍኑት። የእኛ ሞተሮች አብዛኞቹ የሚቀዘቅዙት በአየር ነው። ሲሊንደሩ ላይ ያሉት ክንፎች ንፋስ ይፈልጋሉ። ሀረጎን በሁለተኛ ማርሽ እየወጣች ያለች ሞተር ላይ ንፋሱን መከልከል ግፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የት ላይ ነው የሚታሰረው? ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ከመሪው ጋር አብሮ እንዲዞር፣ ማለትም መሪው ወይም የፊት አሞርዛተሩ ላይ ማሰር ነው። ሌላው ሻንሲው፣ ማለትም የሞተሯ ዋና አጥንት ላይ አስሮ መሪው ሲዞር እሱ ቀጥ ብሎ እንዲቀር ማድረግ ነው። በያጁ ሁሌ የመጀመሪያውን ይመርጣል፣ ምክንያቱም ይቀለዋል። እናንተ ግን እሺ አትበሉት።

ምክንያቱ ይኼ ነው። ሰፊ ሽፋን መሪ ላይ ካሰራችሁ፣ ንፋስ ከጎን ሲመጣ የሚገፋው ሽፋኑን ነው፣ ሽፋኑ ደግሞ መሪውን ይጠመዝዛል። በንፋስ ጃንጥላ ዘርግቶ እንደመሄድ ነው። ሀረጎ ላይ ኩርባውን ስትታጠፉ ሲኖትራክ በጎናችሁ ሽው ብሎ ያልፋል። መጀመሪያ አየሩ ይገፋችኋል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ መኪናው ይስባችኋል። በዚያች ቅጽበት መሪያችሁ በእጃችሁ ብቻ እንጂ በንፋስ መታዘዝ የለበትም። ሻንሲ ላይ የታሰረ ሽፋንም ንፋስ ይገፋዋል፤ ግን የሚገፋው ሞተሯን በሙሉ ነው። እሱን በሰውነታችሁ ትመልሱታላችሁ።

ይኼ የእኔ ፈሊጥ አይደለም። በ1950ዎቹ የውድድር ሞተሮች የፊት ጎማቸውን ሳይቀር የሚውጥ ትልቅ ሽፋን ነበራቸው። ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ከ1957 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን በኋላ ከለከለው። ከተነሱት ምክንያቶች አንዱ የጎን ንፋስ ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ ክሬግ ቬተር የተባለ አሜሪካዊ ለተለያዩ ሞተሮች የሚሆን ዊንድጃመር የሚባል ሽፋን ሠርቶ በብዛት ሸጠ። ትልቅ ነበር፤ የሚታሰረው ግን ሻንሲ ላይ ነው። ሩቅ መሄድ ካላስፈለገ ፑልሳር 220ን እዩ። መሪውን ስታዞሩ የፊት መብራቱ አይዞርም፤ ሽፋኑም መብራቱም ከሻንሲው ጋር ናቸው። አፓቼ ላይ ያለችው የፋብሪካ ጭምብል ከመሪው ጋር ትዞራለች፣ እሱም ልክ ነው፤ ትንሽና ቀላል ስለሆነች። ትንሽ ከሆነ መሪው ላይ ይሁን። ደረት የሚከልል ከሆነ ግን ሻንሲ።

ሻንሲው ላይ ሲባል ግን ብየዳ አይደለም! የሻንሲው ቱቦ ቀጭን ነው። በብየዳ የጋለበት ቦታ ይደክማል፣ ከጊዜ በኋላ እዚያው ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃል። ፋብሪካው የተወውን ቀዳዳ ፈልጉ፣ ወይም ቱቦውን አቅፎ በቡሎን የሚጠብቅ ብረት አሠሩ። ቢያንስ አራት ቦታ ይያዝ። የእነዚህ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ንዝረት ትዕግስተኛ ነው፣ ቀስ ብሎ ሁሉን ነገር ያላላል። ስለዚህ በየቡሎኑ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ አስገቡ፣ ሰፋ ያለ ሮንዴላ አድርጉ፣ ውስጡ ናይለን ያለበትን ዳዶ ተጠቀሙ። ካላማዳሪያው በነፃ ነው። እሱን ንቀው የተዉት ሰዎች ሽፋን ቀዳዳው ዙሪያ ተሰንጥቆ ሲመጣ ነው የማየው።

የሚሠራበትስ? ላሜራ አይሁን። ይከብዳል፣ ስትወድቁ ደግሞ ጠርዙ ይቆርጣል። መውደቅ ያለ ነው። ፋይበር ግላስ ይሻላል። የመኪና ቦዲ የሚሠሩ ልጆች ባምፐር ሲጠግኑ ስለሚለምዱት እዚሁ ደሴና ኮምቦልቻ ሠሪ አታጡም። ሲሞረድ አቧራው ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነገር ስለሆነ አፍና አፍንጫ ይሸፈን።

ከሽፋኑ በላይ የሚቆመውን ግልጽ ፕላስቲክ ስትገዙ ሁለት ዓይነት ያጋጥማችኋል። አንዱ አክሪሊክ ነው። ጥርት ብሎ ያሳያል፣ ሲመታ ግን እየሾለ ይሰበራል። ሌላው ፖሊካርቦኔት ነው። ቢታጠፍ አይሰበርም፣ ግን ቶሎ ይጫጫራል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቀዳዳው ከቡሎኑ ትንሽ ሰፋ ይበል፣ እስኪጮህ ድረስም አታጥብቁት።

የፕላስቲኩ ቁመት ላይ ሁሉም ሰው ይሳሳታል። "ከፍ አድርግልኝ፣ ፊቴንም ይከልለኝ" ይላል። አይሆንም። በፕላስቲኩ ውስጥ ሳይሆን በላዩ አሻግራችሁ ነው ማየት ያለባችሁ። ጫፉ አፋችሁ አካባቢ ላይ ቢቆም ይበቃል። ደሴ ጉም ያለባት ከተማ ናት። ጉም፣ ካፊያና የተጫጨረ ፕላስቲክ ሲገናኙ፣ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት ተበትኖ መንገዱን ያጠፋዋል። ሄልሜታችሁ ላይ ያለው መስታወት በእጅ ይጠረጋል፤ ያኛውን እየነዳችሁ አትጠርጉትም።

ጫፉ ላይ የሚነሳው ንፋስ ሄልሜታችሁን እያንቀጠቀጠ ካስቸገራችሁ ደግሞ ፕላስቲኩን ከማስረዘም በፊት ከስሩ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተዉለት። ከስር የሚገባው አየር ከኋላ ያለውን ባዶነት ይሞላዋል፣ መንቀጥቀጡም ይቀንሳል። ውድ ፕላስቲክ ከመቁረጣችሁ በፊት ልኩን በካርቶን ቆርጣችሁ፣ በፕላስተር አስራችሁ፣ ሜዳ ላይ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። ይኼን ምክር የሚሰማኝ የለም፤ ሁሉም ይቸኩላል።

ተገጥሞ ሲያልቅ ከጋራዡ ሳትወጡ የምታደርጉት ነገር አለ። ሞተሯን አስነስታችሁ ጋዝ ሳትሰጡ በሚኒሞ ተዉአት። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙሩ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ። ጆሯችሁን ስጡ። ድምጿ ከጨመረ የጋዙ ካቦ ተወጥሯል ማለት ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ስትዞሩ ሳትነኳት ትፈተለካለች። ካቦውን ሌላ መንገድ አሳልፉት። ቀጥሎ የመሪው ጫፍና ሽፋኑ መካከል ሁለት ጣታችሁን አስገቡ። ካልገባ አውራ ጣታችሁ አንድ ቀን እዚያ ይቀረቀራል። ከዚያ የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ በክብደታችሁ ወደ ታች ተጫኗት። ጎማው ወይም የጭቃ መከላከያው ሽፋኑን መንካት የለበትም። ይኼን ሁሉ ለማድረግ ሻይ የመጠጣት ያህል ጊዜ አይፈጅም። ባለሙያው ፊቱን ቢያጠቁርም አብሽሩ፣ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

መብራቱን እንደገና አስተካክሉ፣ ሽፋን ሲገጠም አቅጣጫው ይዛባል። ፍሬቻው ከጎን ይታይ። ፕላስቲክ አምፖሉን ተጠግቶ አይሁን፣ ይቀልጣል። ቦሎ ከመድረሱ በፊትም ትራንስፖርት ቢሮ ጎራ ብላችሁ ጠይቁ። ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ፍታው ከምትባሉ ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ስለ ገንዘብም ልናገር። የፊት ጎማችሁ ጥርሱ ጠፍቶ ከሆነ፣ የፍሬን ሸራው ካለቀ፣ ሽፋን አልሠራላችሁም። ልትቀየሙኝ ትችላላችሁ። ጓንት ሳይኖራችሁም እንዲሁ፤ ደረት የሚከልል ሽፋን እጅን አይከልልም። ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ተቆርጦ እጅ ፊት የሚታሰረው ነገር ቀላል ይመስላል፣ ይስቁበታልም። እኔ አልስቅበትም። የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን እጀታ እስካልነካ ድረስ ከብዙ ውድ ጌጥ ይሻላል።

ፕላስቲኩን በሳሙናና በብዙ ውሃ ብቻ እጠቡት። አቧራ ይዞ ሳለ በደረቅ ጨርቅ አትሹት። ቤንዚን ፖሊካርቦኔትን ያደበዝዘዋል፣ ቀዳዳው ዙሪያ ደግሞ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ያወጣበታል። ሞተር አጣቢው ልጅ ቤንዚን ነክሮ ሊወለውልላችሁ ሲመጣ ጨርቁን ቀሙት።