ከአሬይ ባይነሪ ትሪ በሪከርሽን መገንባት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደረ አሬይ (የዋጋዎች ዝርዝር) አለኝ፦ 3፣ 7፣ 12፣ 20፣ 25፣ 31፣ 40። ከያንዳንዱ ዋጋ ያነሰው በግራ፣ የበለጠው በቀኝ በሚቀመጥበት ባይነሪ ትሪ ውስጥ በተራ ሳስገባው ትሪው በሙሉ ወደ ቀኝ ይንጋደድብኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከመሃል ጀምር። ፈንክሽኑ «መነሻ» እና «መድረሻ» የሚባሉ ሁለት ኢንዴክሶች (ከ0 የሚቆጠሩ የቦታ ቁጥሮች) ይቀበል። መነሻ ከመድረሻ ከበለጠ ባዶ መልሶ ይቁም። ካልበለጠ መሃሉን ያስላ፣ እዚያ ባለው ዋጋ ኖድ (ዋጋውንና የግራና የቀኝ ልጆቹን የሚይዝ የትሪ ክፍል) ይፍጠር፣ ከዚያ ለግራው ከመነሻ እስከ መሃል−1፣ ለቀኙ ከመሃል+1 እስከ መድረሻ ብሎ ራሱን ይጥራ፤ ሪከርሽን ማለት ይህ ነው። ባንተ አሬይ የ0 እና የ6 መሃል 3 ስለሆነ ሥሩ (የላይኛው ኖድ) 20 ነው። ግራው ከ0 እስከ 2፣ መሃሉ 1፣ ማለትም 7። ቀኙ ከ4 እስከ 6፣ መሃሉ 5፣ ማለትም 31። የቀሩት አራቱ ቅጠል (ልጅ የሌላቸው ኖዶች) ይሆናሉ። 7 ደረጃ ይወርድ የነበረው በ3 አለቀ።

ጥያቄ፦ እኔም እንደዚሁ ጽፌው ነበር፤ ግን አይቆምም፣ ስታኩ (ያላለቁ ጥሪዎች የሚደረደሩበት ቦታ) ይሞላል።

መልስ፦ የግራውን ጥሪ እዪው፤ 1 ሳትቀንሺ መሃልን ራሱን ሰጥተሽው ይሆናል። አንድ ዋጋ ብቻ ሲቀር መነሻ፣ መሃልና መድረሻ እኩል ስለሚሆኑ ያንኑ ክልል ደጋግሞ ይጠራል።

ጥያቄ፦ በፓይተን አሬዩን ስላይስ እያደረጉ (ከፊሉን እየቆረጡ) ማሳለፍ አይቀልም?

መልስ፦ ለመጻፍ ይቀላል። ግን እያንዳንዱ ስላይስ አዲስ ኮፒ ነው፤ ለ1 ሚሊዮን ዋጋ 18 ሚሊዮን ገደማ ይገለበጣል። በኢንዴክስ ምንም አይገለበጥም።

ጥያቄ፦ በየደረጃው የተጻፈ አሬይ ተሰጠኝ፦ 1፣ ባዶ፣ 2፣ 3። ግራ ልጅ 2×ቦታ+1፣ ቀኝ ልጅ 2×ቦታ+2 ብዬ ስገነባ 3 ይጠፋል።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው። 2 ያለው ኢንዴክስ 2 ላይ ስለሆነ ቀመሩ ልጆቹን 5 እና 6 ላይ ይፈልጋል፤ አሬዩ ግን 3 ላይ አልቋል። ቀመሩ የሚሠራው ለባዶው ልጆችም ቦታ ከተያዘ ነው፦ 1፣ ባዶ፣ 2፣ ባዶ፣ ባዶ፣ 3። የሊትኮድ (የፕሮግራሚንግ መለማመጃ ድረ ገጽ) አጻጻፍ ይህን ቦታ ይዘላል። ለሱ ሪከርሽኑን ተወውና ኖዶቹን በወረፋ አሰልፍ፤ ተራው የደረሰው ኖድ ቀጣዮቹን ሁለት ዋጋዎች ይወስዳል፣ ባዶው ግን ወረፋው ውስጥ አይገባም። ደግሞ ባዶነትን ስትፈትሽ 0ን ከባዶ አትቁጠር፤ በፓይተን 0 እንደ ሐሰት ስለሚታይ ጤነኛ ኖድ ከነልጆቹ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የትሪው ፕሪኦርደር (ሥር፣ ግራ፣ ቀኝ ተብሎ የተጻፈ) እና ኢንኦርደር (ግራ፣ ሥር፣ ቀኝ ተብሎ የተጻፈ) ብቻ ቢኖሩኝስ?

መልስ፦ የፕሪኦርደሩ መጀመሪያ ሥሩ ነው። ኢንኦርደሩ ውስጥ ፈልገው፤ ከሱ በስተግራ ያሉት ብዛት የግራው ንዑስ ትሪ መጠን ነው። ፍለጋውን በየጥሪው ከመድገም ቦታዎቹን አስቀድመህ ዲክሽነሪ (ዋጋን ከቦታው ጋር የሚያያይዝ) ውስጥ አስገባ። ዋጋ ከተደጋገመ ግን ዘዴው አያስተማምንም። በፕሪኦርደርና በፖስትኦርደር (ግራ፣ ቀኝ፣ ሥር) ብቻ ደግሞ ትሪው ሁልጊዜ አይለይም፦ 1፣ 2 እና 2፣ 1 ሲሰጡህ 2 ግራም ቀኝም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የፓይተን የሪከርሽን ገደብ (ጥሪዎች ሊደራረቡ የሚችሉበት ጥልቀት) አያሰጋም?

መልስ፦ ከመሃል ለሚገነባው አያሰጋም፤ 1 ሚሊዮን ዋጋ 20 ደረጃ ነው። ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ትሪ ከፕሪኦርደር ስትገነባ ግን ገደቡ በነባሪው 1000 ስለሆነ 5000 ኖድ ላይ ይሰበራል። ገደቡን ከማሳደግ በራስህ ስታክ ብትሠራው ይሻላል።