መልስ፦ ገለባ የመታው ዓይን ላይ የተረፈ ጠብታ ልጨምር?

ወንድሜ፣ እግዜር ይማርህ። እህል ስትወቃ ገለባ ዓይንህን ከመታህ ሦስት ቀንህ ነው፤ ቀልቷል፣ ብርሃን ይወጋኛል፣ ቤት የተረፈ ዴክሳሜታዞን (ቅላትና እብጠት የሚያበርድ ስቴሮይድ) ጠብታ ልጨምር ወይ ብለሃል። እንዳትነካው!

ኮርኒያ ከዓይን ፊት ያለው፣ እንደ መስታወት የጠራው ክፍል ነው። ገለባ ሲጭረው ፈንገስ ሊገባበት ይችላል። ያ ጠብታ ቅላቱን ያጠፋልሃል፣ የዓይንህን መከላከያ ስለሚያዳክም ግን ፈንገሱን ያደልበዋል። ተሻለኝ ስትል ውስጥ ውስጡን ይበላሃል።

ሐኪሙ ቢጫ ቀለም ጠብ አድርጎ በሰማያዊ መብራት ያይሃል፤ የቆሰለው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ፈንገስ ከሆነ ናታማይሲን የሚባል ፀረ ፈንገስ ጠብታ፣ ባክቴሪያ ከሆነ አንቲባዮቲክ ጠብታ ይታዘዛል። የፈንገሱ ሕክምና ሳምንታት ይፈጃል፤ መጀመሪያ ላይ ጠብታው በየሰዓቱ ነው፣ አሰልቺ ነው መቼም። አትሸው፣ በጨርቅም አትሸፍነው። ዛሬውኑ የዓይን ሐኪም ጋ ሂድ።