«ከመድኃኒቱ መንገዱ በለጠብን»፦ የልጆች ቁርጥማትና የቤተሰብ ኪስ

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ጉልበቷ ካበጠ ሁለት ወር ሆነው። ጠዋት አልታጠፍ ይላታል፣ ረፋድ ላይ ይፈታላታል። ሰው ሁሉ «ብርድ ነው» ይለኛል፤ ወጌሻም አሽቷታል። ደብረ ብርሃን ለመውሰድ በግ መሸጥ ሊኖርብኝ ነው። ትንሽ ልጠብቅ? (ከመንዝ)

መልስ፦ አይጠብቁ፣ እህቴ። የመንዝ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ጉልበት አሳብጦ ሁለት ወር አይቆይም ግን። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ መገጣጠሚያው አብጦ 6 ሳምንት ካለፈው፣ ሐኪም የልጆች ቁርጥማትን (ረጅም ጊዜ የሚቆይ የመገጣጠሚያ ብግነት) ይጠረጥራል። ሌሎች በሽታዎችም ስላሉ መመርመር ግድ ነው። ማሸቱ ይቅር። በጉን ከመሸጥዎ በፊት ግን የጤና መድን ደብተርዎን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱና ሪፈር ያጽፉ። ያለ ሪፈር ሆስፒታል ከሄዱ መድኑ ሙሉውን አይሸፍንልዎትም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ መገጣጠሚያው አንዴ ከተበላሸ በሬ ቢሸጥም አይመለስም።

ጥያቄ፦ መድን አለን፣ ብር ግን ሁሌ ያልቅብናል። የት ነው የሚሄደው? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ መንገድ ላይ ነዋ! ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ ምግቡ፣ አባት ከሥራ የቀረበት ቀን። መድን ይህን አይከፍልም። ከዚያ ደግሞ «እዚህ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይመጣል። ለዚህ በሽታ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት የቆየ መድኃኒት ስለሆነ ከአዳዲሶቹ መርፌዎች እጅግ ይረክሳል። (በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የሚወሰደው፤ «ቶሎ ይሻለው» ብሎ በየቀኑ መስጠት ሊገድል ይችላል።) መድኃኒቱን ለመከታተል የሚታዘዘው የደም ምርመራ እዚያው አቅራቢያችሁ እንዲሠራ ሐኪሙን ጠይቁ። የዓይንና የመገጣጠሚያ ቀጠሮ በአንድ ቀን እንዲሆንም ለምኑ። ደረሰኝ አትጣሉ፤ የወረዳችሁን መድን ቢሮ የሚተካ ነገር ካለ ጠይቁበት።

ጥያቄ፦ ልጁ ዓይኑን አያመውም። የዓይን ቀጠሮውን ብንተወው? (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ በፍጹም። ይህ በሽታ ዓይን ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ አያቀላም፣ አያምም፤ ዝም ብሎ ሊያሳውር ይችላል። ከሌላው ቆጥቡ።

ጥያቄ፦ ቁርጥማት ያለባትን ልጄን ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ልወስዳት ነው። ክኒኑን ላቁም?

መልስ፦ ጸበሉንም ክኒኑንም። ጸበሉን በባዶ ሆዷ ትጠጣ፤ የሕመም ማስታገሻውን ግን ምግብ ቀምሳ፣ አለዚያ ጨጓራዋን ይልጠዋል። ፕሬድኒሶሎን (ብግነት የሚያበርድ የስቴሮይድ ክኒን) ከሆነ የምትወስደው፣ በአንዴ ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ ሐኪሙ ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው። ሱባኤ የምትቆዩ ከሆነ ለምትቆዩበት ቀን ሁሉ የሚበቃትን ክኒን ቆጥረው ይያዙ።