ለትንሽ ልጅ የመጀመሪያ እንስሳ፦ ስለ ሃምስተር፣ ጊኒ ፒግና ለማዳ አይጥ ጥያቄና መልስ

ለብዙ ዓመታት ጊኒ ፒግ (ከአይጥ የሚተልቅ፣ ጅራት የሌለው ለማዳ እንስሳ) አርብቻለሁ፤ ሃምስተርና (አይጥ መሰል፣ ጅራተ አጭር ትንሽ እንስሳ) ለማዳ አይጥም አሳድጌአለሁ። ጥያቄ የምታቀርቡ ሁሉ የልጁን ዕድሜ እንድትገልጹ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ሃምስተር ትንሽ ስለሆነ ለትንሽ ልጅ ይስማማል ብዬ አስቤአለሁ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ አዎን፤ ችግሩ ራሱ ትንሽነቱ ነው። ሃምስተር ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚነቃ እንስሳ በመሆኑ፣ ልጅዎ ልትይዘው በምትፈልግበት ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነው፤ እጅ ገብቶ ሲቀሰቅሰው ይነክሳል፣ የተነከሰ ሕፃን እጁን ያወናጭፋል፣ እንስሳውም ወለል ላይ ወድቆ ይሰበራል። በዚህ ላይ እነዚህ እንስሳት ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ፣ ከ5 ዓመት በታች ልጅ ላለበት ቤት የጤና ባለሙያዎች አይመክሯቸውም። ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የእኔ ልጅ 7 ዓመቱ ነው። እርስዎ ምን ይመርጡለታል?

መልስ፦ ጊኒ ፒግ፤ ያውም ሁለት። በመንጋ የሚኖር እንስሳ ስለሆነ ብቻውን ሲሆን ይጎሳቆላል፤ ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ብቻውን ማኖርን በሕግ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ምግቡን ነው። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቪታሚን ሲ በሰውነቱ መሥራት አይችልም፤ በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ገደማ ካላገኘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠጉሩ ይሻክራል፣ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ መራመድ ያቅተዋል። ቪታሚኑን ውኃ ውስጥ መበጥበጥ አያዋጣም፤ ቶሎ ይበላሻል። በየቀኑ አንድ ቁራጭ የማያቃጥል ትልቅ ቃሪያ ይስጡት። ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ ድርቆሽ (የደረቀ ሣር) ከፊቱ መጥፋት የለበትም። ሕመሙን ስለሚደብቅ በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት። መብላት ካቆመ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን በራስዎ ፈቃድ አይስጡት፤ የአንጀቱን ባክቴሪያ አዛብቶ ይገድለዋል።

ልጁ ወለል ላይ ይቀመጥ፣ ጭኑ ላይ ፎጣ ይነጠፍለት፣ ከዚያ አዋቂው እንስሳውን ያስቀምጥለት። ቆሞ መያዝ የለም። የእኔዎቹ የድርቆሹ ከረጢት ሲንኮሻኮሽ በሰሙ ቁጥር ያፏጩ ነበር፤ ልጆቼም ያንን ፉጨት ለመስማት ሲሉ ከሁሉ ቀድመው ይነሡ ነበር።

ጥያቄ፦ እባክዎ አንድ ጥሩ እንስሳ ይጠቁሙን።

መልስ፦ ለስንት ዓመት ልጅ? የእንስሳውን ቤት የሚያጸዳውስ ማን ነው? ይህ ሳይታወቅ መልስ የለኝም።

አንድ አባል፦ ለማዳ አይጥ ከሁሉም ትሻላለች። ስሟ ሲጠራ ትመጣለች፤ እምብዛምም አትነክስም።

ሌላ አባል፦ አይጥን ከቤት ለማስወጣት ስንደክም ኖረን በገንዘባችን ገዝተን ልናስገባ ነውን? በሽታ ታመጣለች።

የመጀመሪያው አባል፦ እርስዎ የሚናገሩት ስለ ጎተራ አይጥ ነው። ለትውልዶች በሰው እጅ የተረባችው ሌላ ናት።

መልስ፦ ጠባይዋን በተመለከተ የመጀመሪያው አባል ትክክል ናቸው፤ ብልህና ሰው ወዳድ ናት። ነገር ግን ጤነኛ የምትመስል ለማዳ አይጥም በንክሻዋ ትኩሳት የሚያስከትል ባክቴሪያ ልታስተላልፍ ትችላለች፤ ዕድሜዋም ከ2 እስከ 3 ዓመት ብቻ ሲሆን በሳንባ ሕመምና በዕጢ ትሠቃያለች። የቱንም እንስሳ ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሃምስተሮች በአንድ ቤት ይኖራሉ?

መልስ፦ ትልቁ የሶሪያ ሃምስተር ከሆነ ፈጽሞ አይሆንም፤ ይገዳደላሉ።

ጥያቄ፦ ለ3 ዓመት ልጄ ሃምስተር አስቤ ነበር።

መልስ፦ ለመጀመሪያዋ እናት የሰጠሁትን መልስ ያንብቡ። የልጅዎ ዕድሜ ከእርሷ ልጅ እንኳ ያንሳል።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ልጄ ግን ጊኒ ፒግ እየለመነኝ ነው።

መልስ፦ ከወለዱ በኋላ ይሁን። እነዚህ እንስሳት ፅንስን የሚጎዳ ቫይረስ ሊይዙ ይችላሉ። ከሐኪምዎም ይማከሩ።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ሴት ናቸው ተብለው የተሸጡልን ጊኒ ፒጎች አንዷ እየወፈረች ነው።

መልስ፦ እኔም እንዲሁ ተብሎ ተሽጦልኝ ከሁለት ወር በኋላ ግልገሎች አግኝቻለሁ። ዛሬውኑ ለያይተው ለሐኪም ያሳዩአቸው፤ ከወለደች በኋላ ወዲያው ዳግም ልታረግዝ ትችላለችና።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመቱ ልጃችን ሃምስተር ትናንት ሞተ። አንቀላፋ ብንለው ይሻላል?

መልስ፦ አይበሉት፤ ማታ መተኛት ይፈራል። ሞተ ብለው ይንገሩት፤ ከፈለገም አብሯችሁ ይቅበረው።