ከመርከቧ ኋላ ላለመቅረት
በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰርጓጅ መርከብ ጨዋታ (ጌም) ላይ የሚያሳድዷት የጭነት መርከብ ሁልጊዜ ታመልጥዎታለች? ከኋላዋ የሚደርሱት አሁን ወዳለችበት ስለሚያቀኑ ነው። ቦታዋን ካርታው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ በኋላ ይድገሙት። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው እያንዳንዱ 100 ሜትር አንድ ኖት (የመርከብ ፍጥነት መለኪያ) ነው፤ 800 ሜትር ከተጓዘች ፍጥነቷ 8 ኖት ነው ማለት ነው። ይህን ዘዴ እጅግ እወደዋለሁ፤ ማባዛትም ማካፈልም የለበትም!

የጉዞ መስመሯን ወደፊት ያስረዝሙት። ሰርጓጅዎ በ16 ኖት፣ ማለትም በፍጥነቷ እጥፍ የሚሄድ ከሆነ፣ እስከዚያ ድረስ የእርስዎ ርቀት የእርሷን እጥፍ የሚሆንበትን ነጥብ መስመሩ ላይ ፈልገው ወደዚያ ያቅኑ። እየተጓዙ ሳለ የምትታይበት አቅጣጫ ሳይለወጥ ርቀቱ ብቻ ከቀነሰ መገናኘታችሁ አይቀርም። አቅጣጫው እርሷ ወደምትሄድበት ካመለጠ ግን ዘግይተዋል፤ ፍጥነት ይጨምሩ። ውኃ ውስጥ ፍጥነትዎ ክፉኛ ስለሚቀንስ ሩጫውን ሳይጠልቁ ይጨርሱ።